አንድ ግቢ ሁለት ደም፦ የ2014ቱ የድሬዳዋ ወባ ከቢ ሴል ወገን ሲታይ

በ2014 ድሬዳዋ ላይ ስለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ተብሏል። ትንኟ ተብሏል፣ በርሜሉ ተብሏል፣ የውሃ ፈረቃው ተብሏል፣ ሁሉም ልክ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፣ አንዱ ወባን ሲችል ሌላው ለምን ይወድቃል የሚለው፣ ማለት ቢ ሴል የሚባለው የደም ሴል ጉዳይ። ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ ውሎዬ ከደም ጋር ነው፣ እና ያን ሰሞን ሳቢያን ሰፈር እኛ ግቢ ውስጥ ያየኋቸው ሁለት ሰዎች እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጡም፣ አንዱ የእህቴ ልጅ ሌላው አከራያችን ጋሼ። በርሜሉ አንድ፣ ትንኟ አንድ፣ ሽንት ቤቱ ራሱ አንድ። ልጁ ሊሞትብን ነበር፣ ጋሼ ደሞ ያው የወባ ተህዋስ (ፓራሳይት) ደሙ ውስጥ እያለ ከሰአት ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይቅም ነበር። (ጋሼን አንተ ማለቴ ድፍረት አይደለም፣ ድሬ ላይ አንቱ ብሎ ነገር የለም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው መጀመሪያ ሲሰማ ይደነግጣል ከዛ ይለምደዋል።) ሁለቱም ስማችንን ካልጠራህ ፃፈው ብለውኛል።

ከልጁ ልጀምር። ሀረር ተወልዶ ሀረር ያደገ ነው፣ ያኔ 22 አመቱ፣ ለትምህርት ድሬ ወርዶ እኛ ጋ ነው የሚያድረው። ከሀረር ድሬ በሚኒባስ ምን አላት፣ ግን የደንገጎን ቁልቁለት ስትወርድ ጃኬት የምታወልቅበት ቦታ አለ አይደል፣ ወባም እንደዛው ነው ከዛ በታች ሌላ አገር ነው፣ ሀረር ከባህር ጠለል ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት ድሬ 1,200 ገደማ። ይሄ ልጅ በህይወቱ ወባ ይዞት አያውቅም። እንደውም ድሬ ላይ ያደጉት ጓደኞቹም አብዛኞቹ ይዟቸው አያውቅም፣ ይሄ ነገር በኋላ ይመጣል ያዙልኝ።

ወሩ ሚያዝያ ነበር፣ የኛ 2014 በፈረንጅ 2022 (ከ2014 በቀር ሌሎቹን አመቶች በፈረንጅ ነው የምፅፋቸው)። ማታ መጥቶ "አጎቴ አጥንቴን" አለኝ። እውነት ለመናገር ወባ ትዝም አላለኝ። ድሬ ላይ አጥንቴን ሲባል ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ቺኩንጉንያ የሚባለው የትንኝ በሽታ ነው፣ በ2019 ስንቱን ጎረምሳ እንዳጎበጠው የማያስታውስ የለም፣ ከሱ በፊት በ2013 ሌላው የትንኝ በሽታ ዴንጊ። ወባ የምንለው ከክረምቱ በኋላ መስከረም ጥቅምት ላይ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነገር ነው፣ ያውም ጥቂት ሰው ላይ። በ2019 ሙሉውን አመት ከተማው ላይ የተመዘገበው 205 ሰው ነው። በ2022 ግን ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ፣ ይሄን ግን ያን ማታ ማን ያውቃል።

በነጋታው ወደምሰራበት ክሊኒክ ወሰድኩት። ጣቱን ወጋሁ፣ አርዲቲ ላይ (ፈጣኗ የወባ መመርመሪያ) አደረግኩ፣ 15 ደቂቃ ጠበቅኩ፣ የኮንትሮሏ መስመር ብቻ ወጣች። ኔጌቲቭ። ከዛ ያው እንደለመድነው ዊዳል፣ የታይፎይዱን የደም ምርመራ ሰራን፣ ዊዳል ደሞ እዚ አገር ማን ላይ ነው የማይነሳው፣ ታይፎይድ ተብሎ ኪኒን ታዞለት ወደ ቤት። መዝገቡ ላይ "ኔጌቲቭ" ብሎ የፃፈው እጅ የኔ ነው፣ ማንም ላይ አላሳብብም።

በሶስተኛው ለሊት ይቃዥ ጀመር። እናቱን ይጠራል፣ ሚኒባስ አመለጠኝ ይላል፣ ብርድ ልብስ ሶስት ደርበንለት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ከዛ ደሞ ልብሱን አውልቁልኝ ይላል። አይኑ ነጩ ጋ ቢጫ ነገር ሳይ በቃ ራሴን ረገምኩ። ሲነጋ ባጃጅ ጠርቼ ክሊኒኩ ሳይከፈት በፊት ገባን፣ ቢኤፍ ሰራሁለት፣ ማለት ደሙን ስላይድ ላይ አድርጌ ጊምዛ የሚባለውን ማቅለሚያ ቀባሁት፣ ስላይዱ እስኪደርቅ ያለችው ደቂቃ ረዝማብኝ አታውቅም። ማይክሮስኮፑ ላይ ዘይቱን ጠብ አድርጌ አይኔን ሳስቀምጥ መፈለግ አላስፈለገኝም፣ በማይክሮስኮፑ የምታየው እያንዳንዱ ክብ (ፊልድ) ላይ ቀለበት የሚመስሉት የፋልሲፓረም፣ የከባዱ ወባ ዓይነት ልጆች ከአስር በላይ። አራት ፕላስ፣ የመጨረሻው ደረጃ። የዛኑ ሰአት ሆስፒታል ገባ፣ አርቴሱኔት የሚባለው የወባ መድሃኒት በመርፌ ተሰጠው፣ ሲነቃ ኳርተሙን፣ የወባውን ኪኒን ጨረሰ፣ ዳነ አልሀምዱሊላህ።

ቴስቱ ለምን ሳተ? አርዲቲዋ ፋልሲፓረምን የምትፈልገው ኤችአርፒ ሁለት በሚባል ፕሮቲኑ ነው። ፓራሳይቱ ያን ፕሮቲን የሚሰራበትን ጂን ከጣለው መስመሯ አትወጣም፣ ደሙ በወባ ቢሞላም። የልጃችን ደም ውስጥ የነበረው ፓራሳይት ጂኑ አልተመረመረም፣ ግን በዛው ሰሞን ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ በአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም የሚመራ ቡድን እዚሁ ድሬ ላይ ታማሚዎችንና የቤተሰባቸውን አባላት ቤት ለቤት እየሄደ ሲመረምር ነበር፣ ውጤቱ በ2023 ኔቸር ሜዲሲን የሚባል የሳይንስ መፅሄት ላይ ወጣ፣ እና ያገኙት የሚያስደነግጥ ነው። ድሬ ላይ የተሰራጨው ፓራሳይት ተመሳሳይ የሆነ አንድ ዘር እየተባዛ ነው፣ የመድሃኒትም የመመርመሪያም መቋቋም ምልክት ተሸክሞ። ታማሚ ያለበት ቤት አካባቢ ሌሎቹም ተይዘው ተገኙ፣ አጠገባቸው ደሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ አለች፣ ትንኟ ውስጥም ፓራሳይቱ ተገኘባት። ይቺ ትንኝ የእስያ ናት፣ እኛ አገር መጀመሪያ የታየችው በ2016 ቀብሪደሀር ነው። እንደ ድሮዋ ዝናብ አትጠብቅም፣ በርሜል ሮቶ ጀሪካን ይበቃታል፣ ስለዚ በጋ ላይ ነው የምትፈላው ምክንያቱም ውሃ የምናጠራቅመው በጋ ላይ ነዋ።

ልጁ ሆስፒታል እያለ ባትሪ ይዤ በርሜላችንን አየሁ። የወባ ትንኝ ትል ውሃው ላይ ተጋድማ ነው የምትንሳፈፈው፣ የዴንጊዋ ግን ቁልቁል ተንጠልጥላ ነው። እኛ በርሜል ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። ለጋሼ የልጅ ልጆች አሳየኋቸው፣ የተጋደሙትን "እንቅልፋሞቹ" ብለው ስም አወጡላቸው።

አሁን ወደ ጋሼ። ደንግጬ ስለነበር የግቢውን ሰው በሙሉ ጣት ወጋሁ፣ ሚስቴን ልጆቹን ጋሼን። ሌላው ነፃ ነው። የጋሼ ስላይድ ላይ ብዙ ፊልድ አለፍኩ ምንም የለም፣ ልተወው ስል አንዷን ቀለበት አየሁ፣ ከዛ ሌላ፣ መቶ ፊልድ ቆጥሬ አራት። አንድ ፕላስ። ሮጬ ሄድኩ፣ ሙቀቱን ለካሁ፣ 36 ነጥብ ምናምን። አሞህ ነበር ወይ ስለው "ከትናንት ወዲያ ራሴን ትንሽ ከብዶኝ ነበር ሻይ ጠጣሁበት" አለኝ። ሻይ! ልጃችን ሶስት ብርድ ልብስ ስር ሲቃዥ እሱ ሻይ ጠጣበት።

የጋሼ ታሪክ ምን መሰላችሁ፣ ከ20 አመት በላይ መተሃራ ሸንኮራ እርሻ ነው የሰራው። "እዛ ወባ እንደ ጉንፋን ነው፣ መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን ሁለቴ ሞቼ ተነስቻለሁ፣ ከዛ በኋላ ለመደኝ" ይላል። ለመደኝ። ይቺ ቃል ላይ ነው ነገሩ ያለው።

መልመድ ማለት በከፊል የቢ ሴል ስራ ነው። ቢ ሴል አንቲቦዲ የሚሰራው ነጭ የደም ሴል ነው፣ እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ ይዞ ነው የሚወለደው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር የተለያየ ቁልፍ ማለት ነው። ከጠላት ጋር የሚገጥም ቁልፍ ያለው ሲገኝ ጣፊያና ንፍፊት ውስጥ ገብቶ ይባዛል፣ ሲባዛ ቁልፉን ትንሽ ትንሽ እየሞረደ ነው፣ ደህና የገጠመው ይቀጥላል ያልገጠመው ይሞታል። ካለፉት ግማሾቹ መቅኔ ውስጥ ገብተው ለአመታት አንቲቦዲ የሚያመርቱ ፋብሪካ ይሆናሉ፣ ግማሾቹ ሜሞሪ ቢ ሴል ሆነው ደም ውስጥ እየዞሩ ያ ጠላት እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ኩፍኝ አንዴ ከያዘህ እድሜ ልክህን የማይዝህ በዚ ነው። ወባ ላይ ግን ይሄ ትምህርት ቤት ቀስ ይላል። ትንኟ ስትነክስህ የምትተፋው ፓራሳይት በጣም ጥቂት ነው፣ ቶሎ ጉበት ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፣ ቢ ሴሉ በደንብ ሳያየው። ሳምንት ገደማ ቆይቶ ደም ውስጥ ሲወጣ ደሞ የያዘውን ቀይ ሴል ላዩን የሚያለብስበት ፕሮቲን አለው፣ ለዛ ፕሮቲን 60 ገደማ ጂን አለው፣ አንዱን አውልቆ ሌላውን ይለብሳል። ቢ ሴልህ ቀዩን ሸሚዝ ሲያጠና ሰማያዊ ለብሶ ይመጣል። ስለዚ ጋሼ የለመደው አንዴ ታሞ አይደለም፣ መተሃራ ላይ አመት ከአመት እየታመመ ቁምሳጥኑን ሙሉ አንድ በአንድ አጥንቶ ነው።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ሰዎች እድሜያቸውን የጨረሱበት ነገር ነው። አንቲቦዲ ስራ እንደሚሰራ የታወቀው በ1961 ነው፣ ኮኸን እና ማክግሬገር የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር ጋምቢያ ውስጥ ወባ ከለመዱ አዋቂዎች ደም አንቲቦዲውን ለይተው ለታመሙ ህፃናት ሰጡ፣ የልጆቹ ፓራሳይት ቁልቁል ወረደ። ቀላል ነገር ይመስላል ግን ከዛ በኋላ ጥያቄው ያ አንቲቦዲ ሰውየው ውስጥ ለመሰራት ለምን ያን ያህል አመት ፈጀ የሚል ሆነ፣ እና እሱን ለመመለስ ደሞ ሌላ ትውልድ አለፈ።

እኔ በጣም የሚገርመኝ የሱዛን ፒርስ ጉዞ ነው። አሜሪካዊት የሰውነት መከላከያ ተመራማሪ (ኢሚኖሎጂስት) ናት፣ ለረጅም አመት ቢ ሴል ምልክት እንዴት ይቀበላል የሚለውን ንፁህ የላብራቶሪ ጥያቄ ስታጠና የኖረች፣ በ1999 ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሄደች፣ ከዛ በኋላ ነው ወባ ውስጥ የገባችው። ከባልደረባዋ ከፒተር ክሮምፕተን እና ከማሊ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ ማሊ ላይ ሳይንቲስቱ ኦጎባራ ዱምቦ ይመራው የነበረ የወባ ምርምር ማዕከል አለ፣ የመንደር ሰው ደም በየአመቱ እየወሰዱ አጠኑ፣ የወባ ወቅት ከመግባቱ በፊት፣ ሲታመሙ፣ ወቅቱ ካለፈ በኋላ። ያገኙት አንደኛ፣ የወባ ሜሞሪ ቢ ሴል በአንድ ወቅት አይሞላም፣ በየአመቱ ጥቂት ጥቂት ነው የሚጨምረው፣ በ2010 አሳተሙት። ጋሼ ላቦራቶሪ ሳይኖረው "ለመደኝ" ያለው ነገር ቁጥር ሆኖ ወጣ።

ሁለተኛው ግን ነገሩን አወሳሰበው። በ2009 እነዚሁ ሰዎች ወባ በሚበዛበት መንደር የሚኖር ሰው ደም ውስጥ የተለመደውን የሜሞሪ ምልክት የሌላቸው እንግዳ ቢ ሴሎች በብዛት አገኙ፣ ኤችአይቪ ደሙ ውስጥ በሚባዛበት ሰው የታዩትን ዓይነት። ኢመደበኛ ሜሞሪ ቢ ሴል ልበላቸው። ስትቀሰቅሳቸው በደንብ አይነሱም፣ ስለዚ ድካም ነው ተባለ፣ ፓራሳይቱ ቢ ሴሉን አሰልችቶት ነው ምናምን። ከአስር አመት በላይ ቆይቶ በ2020 ደሞ የዛችው የፒርስ ላብራቶሪ ቆይ እስኪ አለ፣ ፈሳሽ ውስጥ በሚንሳፈፍ ነገር ስትቀሰቅሳቸው ነው እንጂ የማይነሱት፣ የሌላ ሴል ገላ ላይ በተለጠፈ ነገር ሲቀሰቀሱ ይነሳሉ። ሰነፍ የተባለው ተማሪ ፈተናው ነው ያልተስማማው ማለት ነው። ራሷ ያለችውን ነገር ራሷ ተመልሳ ስታርም ማየት፣ ወላሂ እኔ "ኔጌቲቭ" ከፃፍኩ በኋላ ይሄን ነገር ሳነብ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ታዲያ ጋሼ ከመተሃራ ከወጣ ስንት አመቱ ነው፣ ትምህርቱ አይጠፋም ወይ የሚል ካለ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ጠይቄያለሁ። አንድ ሽማግሌ ማስረጃ አይሆንም፣ ገና ሊያመው ሲል ደርሼበትም ሊሆን ይችላል። ግን ማዳጋስካር ላይ የሆነ ነገር አለ። የማዳጋስካር ደጋ ላይ ወባ በ1960 አካባቢ በመርጨትና በመድሃኒት ጠፍቶ ነበር፣ ከዛ በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ተመልሶ መጣና ብዙ ሰው ጨረሰ፣ ሰዎቹን በእድሜ ሲለዩዋቸው ልጅ እያሉ የድሮውን ወባ ያዩት ከ40 አመት በላይ የሆኑት ከወጣቶቹ ይልቅ የተሻለ ችለውታል። ወደ 30 አመት ገደማ ወባ ሳይኖር! ሰሜን ታይላንድም ወባ ጥቂት በሆነበት አካባቢ የወባ ሜሞሪ ቢ ሴል ለአመታት እንደሚቆይ ታይቷል። ስለዚ ጋሼን አምነዋለሁ።

የዚህ ተቃራኒ ደሞ የኛው ነው። በ1958 ከሰኔ እስከ ታህሳስ ደጋው ላይ፣ ወባ በማያውቀው ህዝብ ላይ የወረደው ወረርሽኝ፣ ግምቱ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሞቷል። ህፃን ብቻ አይደለም፣ አራሹም ቀዳሹም ነው የወደቀው። ጋምቤላ ወይም ማሊ ብትሄድ ወባ የሚገድለው ህፃን ነው፣ አዋቂው ተምሯል። ደጋው ላይ ግን ሁሉም ህፃን ነው።

ድሬ በ2014 ልክ እንደዛ ነበረች፣ ቆላ ሆና። የድሬን ሙቀት አይተህ ይሄ ህዝብ ወባ የለመደ ነው ትላለህ፣ አይደለም፣ ለአመታት ወባው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ከተማ ውስጥ ያደገው ወጣት ቢ ሴሉ ወባን አይቶ አያውቅም። ጥሩ ዜና ነበር እኮ፣ የስንት ሰው ልፋት ነው። ግን የጥሩ ዜናው ሂሳብ ይሄ ነው፣ አዲስ ትንኝ ስትመጣ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ያሉ ፂማም ወጣቶች እንደ ሁለት አመት ህፃን ወደቁ። እኛ ባለሙያዎቹ ደሞ ወባ ስንባል ህፃንና ነፍሰጡር ነው የምንፈልገው፣ ጎረምሳ ትኩሳት ይዞ ሲመጣ ታይፎይድ። ጎረቤታችን ጅቡቲ ከኛ በፊት አይታዋለች፣ ትንኟ በ2012 ስትገባ 27 የወባ ታማሚ ነበራቸው፣ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። ባቡሩ መስመር ላይ ላለን ሰዎች ይሄ ሩቅ ታሪክ አልነበረም።

አንድ የማይዘለል ነገር አለ። የጋሼ ቢ ሴል ጋሼን አዳነ እንጂ ግቢውን አላዳነም። መልመድ ማለት በሽታውን መቻል ነው እንጂ ፓራሳይቱን ማጥፋት አይደለም። ደሙ ውስጥ ጥቂት ይዞ ሳይታመም በረንዳው ላይ ተጋድሞ ሲውል ለትንኟ ምሳዋ ነው፣ ልጃችንን የነከሰችው መጀመሪያ እሱን ነክሳ ይሁን ወይ እሱ ከልጃችን ይያዘው አይታወቅም፣ ሁለቱም ይሆናል። ስለዚ ኳርተሙን አስዋጥኩት። 24 ፍሬ ነው፣ አራት አራት በቀን ሁለቴ ሶስት ቀን። "ምን ሆንኩና ነው አቦ" እያለ፣ ሁለተኛው ቀን ማታ ፍራሹ ስር ደብቆ አገኘሁበት፣ ቆሜ ነው ያስዋጥኩት። ከምግብ ጋር ካልሆነ በደንብ አይሰራም፣ በርጫ ላይ ደሞ ምግብ አይገባውም፣ እንግዲህ ምን ያህል እንደተጨቃጨቅን አስቡት።

ልጃችን በወደቀበት በዛው 2022 እነ ክሮምፕተንና የማሊ ባልደረቦቻቸው ካሊፋቡጉና ቶሮዶ በሚባሉ መንደሮች የሞከሩት ነገር ወጣ። ክትባት ከወሰደ አንድ ሰው ቢ ሴል የተገኘ አንቲቦዲ ነው፣ ረጅም እንዲቆይ ተሻሽሎ አንዴ በደም ስር ይሰጣል፣ ከፍተኛው መጠን በስድስት ወሩ የወባ ወቅት ውስጥ ከመያዝ 88 በመቶ ገደማ ተከላከለ። ማለት የሌላ ሰውን ትምህርት በግሉኮስ መስመር እንደመቀበል ነው፣ የ1961ዱ የጋምቢያ ነገር ተመልሶ መጣ፣ አሁን ግን ከስንት ሰው ደም የተጠራቀመ ሳይሆን የተመረጠች አንዲት ቁልፍ። እስካሁን ለወባ የተፈቀዱት ክትባቶች ለህፃናት ናቸው፣ እሱም ልክ ነው የሚሞቱት እነሱ ናቸዋ፣ ግን እንደ ድሬ ያለ ከተማ ውስጥ ወረርሽኝ ሲነሳ ለ22 አመት ጎረምሳ ምን እንደምንሰጠው ሲታሰብ እኔ አይኔ ያለው እንዲህ ያለ ነገር ላይ ነው። ዋጋው ይቀንስ እንጂ።

ልጁ ተመርቆ ሀረር ተመልሷል። ሲደውል "አጎቴ አሁን እኔም ለመደኝ?" ይለኛል ጋሼን ለማናደድ፣ ጋሼ ከጓሮ ሆኖ "አንዴ ታሞ! ገና ኬጂ ነው በለው" ይላል።

እኔ ድሬ ላይ ትኩሳት ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ አርዲቲ ባወጣም ባያወጣም ቢኤፍ እሰራለሁ፣ ወሩ ምንም ይሁን እድሜው ምንም ይሁን፣ ባልደረቦቼ ጊምዛ ጨረስክብን ይላሉ። የ2014ቱ መዝገብ ሼልፉ ላይ አለ። "ኔጌቲቭ" ያልኩበትን መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ አጠገቡ የሶስት ቀን በኋላውን ቀንና ቁጥሩን ፅፌበታለሁ፣ አዲስ ልጅ ለአፓረንት፣ ለስራ ልምምድ ሲመጣ መጀመሪያ የምገልጥለት ገፅ እሱን ነው።